ጠዋት አናፖሊስ ሮክ፣ ከሰዓት አይስክሬም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰመር በገባ ቁጥር ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያሉ ወዳጆች ስለዚህ ጉዞ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። ሰዓቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ ቀጠሮ እንዳይዛባ።

የት ነው የምንሄደው?

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከፍሬድሪክ ከተማ በስተምዕራብ፣ ሳውዝ ማውንቴን የሚባል ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ። በጀርባው ላይ አፓላቺያን ትሬይል ያልፋል። ከጆርጂያ ተነስቶ እስከ ሜይን የሚዘልቅ፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በ1937 ከዳር እስከ ዳር የተጠናቀቀ የእግር መንገድ ነው። እኛ ከዚያ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው የምንሄደው። አናፖሊስ ሮክ የሚባል ወደ ምዕራብ የሚያይ የድንጋይ ገደል አለ። እዚያ ደርሰን፣ አረፍ ብለን፣ በመጣንበት እንመለሳለን። ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብተን ሚድልታውን አጠገብ ወዳለው እርሻ፣ ሳውዝ ማውንቴን ክሪመሪ፣ ለአይስክሬም እንሄዳለን።

ስሙ እንዳያሳስታችሁ። የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ሌላ ናት፣ ከዚህም በጣም ትርቃለች። ስልካችሁ ላይ «አናፖሊስ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው የሚወስዳችሁ። «አናፖሊስ ሮክ» ብላችሁ የመነሻውን ፓርኪንግ ፈልጉ።

ግሬት ፎልስ እያለ ለምን እስከዚያ ድረስ?

ዲሲ አጠገብ ያለው ግሬት ፎልስ ቆንጆ ነው፣ ፏፏቴውም የሚታይ ነው። ግን ቢሊ ጎት የሚባለው መንገዱ በእጅም በእግርም ድንጋይ የሚቧጠጥበት ስለሆነ ከሰው ጋር ስሄድ ግማሹ ወደፊት ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል። የኔ ዋና ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፦ ጉዞው መለካት ያለበት በጎበዙ ሰው ሳይሆን በደከመው ነው። ሁሉም እኩል ደርሶ፣ ሁሉም እኩል ተቀምጦ አይስክሬሙን መብላት አለበት። አንዱ ቀድሞ ጨርሶ ሌላው መኪና ውስጥ እግሩን እያሸ የሚጠብቅበት ጉዞ አልወድም።

እዚህ አገር ኑሯችንን ታውቁታላችሁ። አንዱ ሌሊት ይሠራል፣ አንዱ ቀን። የምንገናኘው ሠርግና ለቅሶ ላይ ነው፣ ያውም ቆመን። ሦስት ሰዓት ጎን ለጎን እየተራመዱ፣ ስልክ ሳይነካኩ ማውራት ብርቅ ነገር ሆኗል። አናፖሊስ ሮክ ለዚህ ይመቻል። መንገዱ አብዛኛው ጥላ ነው፣ ከመጀመሪያው ዳገት በኋላ እያወሩ ይሄዱበታል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ልጁም አዋቂውም የሚጓጓለት ነገር አለ።

ስንት ሰዓት እንነሳ?

በጊዜ። ሐምሌ ላይ ከሆነ 6፡30 ከቤት ብትወጡ 7፡30 ወይም 8 ሰዓት ላይ መራመድ ትጀምራላችሁ። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ ፓርኪንጉ ትንሽ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ይሞላል። ሞልቶ ካገኛችሁት አስፋልቱ ዳር አታቁሙ፣ መኪናው ተጎትቶ ቢወሰድ ቀኑ ሁሉ እዚያው ተበላሸ ማለት ነው። ሁለተኛ ሙቀቱ። ሦስተኛ መብረቅ፦ በዚህ አካባቢ የሰመር ነጎድጓድ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እናንተ ደግሞ ያን ጊዜ ገላጣ ገደል ላይ መገኘት የለባችሁም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከድንጋዩ ላይ ወዲያው ተነሱና መመለስ ጀምሩ። «ገና ሩቅ ነው» ብሎ መቀመጥ የለም፣ ድምፁ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው ማለት ነው።

ቀላል ዝናብ ብቻ ከሆነ ግን ሂዱ። ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ቀስ ማለት ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። በ270 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ፍሬድሪክ ላይ ወደ 70 ምዕራብ፣ ከዚያ በ42 ቁጥር መውጫ ማየርስቪል ላይ ወጥታችሁ ሩት 40ን ወደ ምዕራብ ትይዛላችሁ። ትራፊክ ከሌለ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ሀይኪንግ ሄጄ አላውቅም። እችለዋለሁ?

ግማሽ ሰዓት ሳታርፉ መራመድ የምትችሉ ከሆነ፣ ትችሉታላችሁ። ከባዱ መጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ ዳገት ነው፣ እዚያ ላይ ልብ ይመታል፣ ወሬ ይቆማል። እዚያ ነው ሰው «ሁሉም እንዲህ ከሆነስ» ብሎ የሚፈራው። ሁሉም እንዲህ አይደለም። ዳገቱ ካለቀ በኋላ የተራራውን ጀርባ ይዛችሁ አብዛኛውን በሜዳ ትሄዳላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያደገ ሰው ተራራ ሲባል ብርድ ነው የሚታየው። ጃኬት ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አናፖሊስ ሮክ ግን 520 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። አየሩ አይሳሳም፣ ትንፋሽ አያጥርም፣ ግን ብርድም የለም። እዚህ ሰውን የሚጥለው ወበቁ ነው። ላቡ አይደርቅም፣ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ሰውነት በላብ አማካይነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ስለዚህ እንጦጦን ሮጦ የሚወጣ ሰው እንኳ ሐምሌ ላይ እዚህ ቀስ ማለት አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መንገዳገድ ከጀመራችሁ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ፣ ጠጡ፣ አንገታችሁን በውሃ አርጥቡ። ካልተሻላችሁ ተመለሱ። ሰው መደናገር ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ 911 ነው፣ መጠበቅ የለም።

ስትሄዱ ቀርፋፋውን ሰው ከፊት አድርጉት። ከኋላ ሲሆን ሌሎቹ ቆመው ጠብቀውት ሲደርስ ይነሳሉ፣ እሱ ሳያርፍ ይቀጥላል፣ ከሁሉም የደከመው ሰው ከሁሉም ያነሰ ያርፋል። ከፊት ሲሆን ፍጥነቱን እሱ ይወስናል፣ ማንም አይጎዳም።

መንገድ እንዳልስት?

መሳት ከባድ ነው፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። ከፓርኪንጉ ተነስታችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ከ70 አውራ ጎዳና በላይ የተዘረጋ የእግረኛ ድልድይ ታያላችሁ። ከታች መኪናው ይጮሃል፣ ልጆች ይወዱታል፣ ፎቶ ተነሱበት። ግን አትሻገሩት። ድልድዩን ተሻግራችሁ ከቀጠላችሁ ወደ ደቡብ ነው የምትሄዱት። አናፖሊስ ሮክ ወደ ሰሜን ነው።

ከዚያ በኋላ ዛፍ ላይ የተቀባውን ነጭ ቀለም ተከተሉ። ቁመቱ 15፣ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ነጭ ምልክት ነው፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ያው ነው። ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ከዋናው የሚገነጠል መንገድ ነው። ወደ ገደሉ የሚገባው መታጠፊያም ሰማያዊ ነው፣ ምልክት አለው፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው። ለረጅም ጊዜ ነጭ ቀለም ካላያችሁ ቁሙ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የመጨረሻውን ፈልጉ። ካርታውን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ ኔትወርክ ላይ አትመኩ።

ምን ልልበስ? ምን ልያዝ?

ጫማ፦ አድርጋችሁት የማታውቁት አዲስ ጫማ አይሆንም። ሶሉ ያልተላጠ ስኒከር ይበቃል። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ሰንደልና ነጠላ ጫማ አይሆንም።

ልብስ፦ የስፖርት ልብስ ወይም ላብ ቶሎ የሚደርቅበት ስስ ነገር። ጥጥ ቲሸርት ይርሳል፣ እንደረጠበ ይቀራል። ረዘም ያለ ካልሲ አድርጉ፣ ምክንያቱን መዥገር ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። አንድ ቅያሪ ቲሸርትና ካልሲ መኪና ውስጥ ተዉ። አይስክሬም ቤት በደረቅ ልብስ መግባት ደስ ይላል።

ውሃ፦ ለአንድ አዋቂ 2 ሊትር። መነሻው ላይ ውሃ የለም። አንዱን ጠርሙስ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ከታችሁ ብትይዙት ገደሉ ላይ ስትደርሱ ቀዝቃዛ ይሆናል።

ምግብ፦ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። አይቀልጡም፣ አይበላሹም፣ ጨውም አላቸው፣ በላብ የወጣውን ይተካሉ። እኔ ግን ከሁሉም በላይ በሶ ነው የምይዘው። ደረቁን ዱቄት ከትንሽ ጨው ጋር በጠርሙስ ይዤ ገደሉ ላይ ስደርስ ውሃ ጨምሬ እመታዋለሁ። ትንሽ ማር ከተጨመረበት ደግሞ ልጆችም ይጠጡታል። ስንት መንገደኛ አገር ያቋረጠበት ምግብ እያለን የሦስት ዶላር ኢነርጂ ባር መግዛት አይገባኝም። ክትፎና ጥብስ ተዉት፣ ከሙቀቱ ጋር አይሄድም፣ ከላዩ ደግሞ አይስክሬም እየጠበቀ ነው።

ገደሉ ላይ ቡና ማፍላት ይቻላል?

አይቻልም። እዚያ እሳት ማንደድ የተከለከለ ነው፣ ከሰልም ያው ነው። ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙት። ሲኒው እንዳይሰበር በፎጣ ጠቅልሉት። ስፒከር መኪና ውስጥ ይቅር፣ ሌላውም ሰው ለፀጥታ ነው የመጣው። የሙዝ ልጣጭም ሆነ የብርቱካን ልጣጭ ይዛችሁት ውረዱ፣ «አፈር ይሆናል» ተብሎ አይጣልም። በሳምንት ውስጥ አፈር አይሆንም፣ እንስሳቱንም ከሰው ምግብ ጋር ያላምዳቸዋል።

ልጆች ይዤ ልምጣ?

ይዛችሁ ኑ። ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች በራሳቸው እግር ይወጡታል፣ በየመሐሉ ቆሎ ካገኙ። ጋሪ ግን አይሄድም። ትንንሾቹን በጀርባ ማዘል ነው።

ገደሉ ላይ ግን ቀልድ የለም። አጥር የለውም። ዐለቱ ጠፍጣፋ ይመስልና ድንገት ያልቃል፣ ከታች ገመድ ታስረው የሚወጡ ሰዎች የሚለማመዱበት ቁልቁል ነው። ልጅ ካለ አንድ አዋቂ ለአንድ ልጅ፣ እጅ ለእጅ። ይህን ሥራ ከመድረሳችሁ በፊት ተከፋፈሉት። ሁሉም «ሌላው ይዞታል» ብሎ የሚያስብበት ደቂቃ ነው አደገኛው። ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳትም ይቅር፣ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ብላችሁ ብትነሱ ሸለቆውም ከታች ያለው የግሪንብራየር ሐይቅም እኩል ይታያል።

እናቴ ከአገር ቤት መጥተዋል። ይችሉታል?

ጉልበታቸውን እሳቸው ያውቃሉ፣ መጀመሪያ ጠይቋቸው። ዳገት የለመዱ እናት ከብዙዎቻችን ይሻላሉ። ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ግን ሌላ መላ አለ።

ከዚያው ተራራ ላይ፣ ቡንስቦሮ አጠገብ፣ ዋሽንግተን ሞኑመንት ስቴት ፓርክ የሚባል አለ። የቡንስቦሮ ነዋሪዎች በ1827 ለጆርጅ ዋሽንግተን በድንጋይ የሠሩት ግንብ ነው። ዲሲ ያለው ትልቁ ሐውልት ተሠርቶ ያለቀው በ1884 ነው፣ ይህ ግንብ በ57 ዓመት ይቀድመዋል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862፣ የሰሜኑ ጦር ምልክት ማስተላለፊያ አድርጎታል። ከፓርኪንጉ እስከ ግንቡ አጭር ዳገት ነው፣ ቀስ እያሉ አንዴ ሁለቴ አረፍ ቢሉ ይደርሳሉ። ጥላ አለው፣ ጠረጴዛ አለው። ጎበዞቹ ጠዋት አናፖሊስ ሮክን ይውጡ፣ እናትና አባት ከአንድ ልጅ ጋር ግንቡን ይዩ፣ ከዚያ ሁሉም አይስክሬሙ ጋ ይገናኝ። ብቻ እናቶችን «መኪና ውስጥ ይጠብቁን» ማለት የለም። አሜሪካ መጥተው የሚያዩት ሶፋና ቴሌቪዥን ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

እባብ አለ? ድብስ?

እባብ አለ። ከመርዘኞቹ ኮፐርሄድና ጅራቱን የሚያንኳኳው ራትልስኔክ በዚህ ተራራ ይኖራሉ። ፀሐይ ለመሞቅ ድንጋይ ላይ መውጣት ይወዳሉ። ስለዚህ እጃችሁን ዐለት ስንጥቅ ውስጥ አታስገቡ፣ የምትቀመጡበትን እዩ። ካያችሁ ራቅ ብላችሁ አሳልፉት፣ በዱላ አትነካኩት። ጥቁር ድብም አልፎ አልፎ ይታያል፣ ሰው ሲሰማ ግን ይሸሻል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም አይደሉም። መዥገር ነው። እኛ አገር ከብት ላይ የምናውቃት መዥገር ትልቅ ናት። እዚህ ያለችው፣ «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ግን፣ ገና ሳታድግ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ተጣብቃባችሁም አትታወቃችሁም። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ዲት (DEET) ያለበት የነፍሳት መከላከያ ተቀቡ፣ ከመንገዱ ወጥታችሁ ሳር ውስጥ አትግቡ። ቤት ስትገቡ ሻወር ውሰዱና ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላ፣ የፀጉር ሥር፣ ወገብ አካባቢ ፈትሹ። የልጆቹን እናንተ ፈትሹላቸው። ካገኛችሁ በሹል ወረንጦ ቆዳውን ተጠግታችሁ ያዟትና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቫዝሊን መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል አይሆንም። የላይም በሽታ በአብዛኛው እንዲተላለፍ መዥገሯ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት፣ ስለዚህ የዚያኑ ዕለት ማታ መፈተሽ ትልቅ ነገር ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ጫካ ሄጄ ነበር በሉ።

ፖይዘን አይቪ የምትባል ቆዳን የምታሳክክ ቅጠልም አለች። ሦስት ሦስት ቅጠል ሆና ነው የምትወጣው፣ ዛፍ ላይም ትጠመጠማለች። ከነካችኋት ቶሎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ።

ሽንት ቤት?

መነሻው ላይ የለም። ፍሬድሪክ ወይም ማየርስቪል ላይ ነዳጅ ማደያ ቆም በሉ።

እሺ፣ አይስክሬሙ። ከሱቅ ከምንገዛው በምን ይለያል?

ይለያል። በአሜሪካ ደንብ አንድ ነገር አይስክሬም ለመባል በመሠረቱ ቢያንስ 10 በመቶ የወተት ቅባት ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በታች የሆነው ካርቶኑ ላይ ሌላ ስም ይጻፍበታል። ሁለተኛው ነገር አየር ነው። አይስክሬም ሲመታ አየር ይገባበታል፣ ርካሾቹ ላይ ግማሽ ያህሉ መጠን አየር ነው። ለዚህ ነው አንዱን ካርቶን ስታነሱት ቀሎ፣ ሌላውን ስታነሱት ከብዶ የምታገኙት። ቀጣይ ጊዜ ሱቅ ስትገቡ በሁለት እጃችሁ ሁለት ዓይነት አንሱና ሞክሩት።

ሳውዝ ማውንቴን ክሪመሪ ላሞቹ እዚያው ናቸው፣ ወተቱ እዚያው ይቀነባበራል፣ አይስክሬሙ እዚያው ይሸጣል። የላም ሽታ አለ፣ እርሻ ነው። ገጠር ላደገ ሰው ያ ሽታ ብዙ ነገር ያስታውሳል። አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻችን ደግሞ ወተት ከጋሎን ፕላስቲክ የሚገኝ ነገር ነው የሚመስላቸው፣ ላሟን በዓይናቸው ሲያዩ ጥያቄያቸው አያልቅም። ከሰዓት በኋላ ጥጆችን በጡጦ የማጥባት ፕሮግራም አለ፣ ሰዓቱን ከመሄዳችሁ በፊት ከእርሻው አረጋግጡ።

መጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቫኒላ ውሰዱ። ኩኪና ካራሜል የበዛበት ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን የወተቱ ጣዕም የሚታወቀው ቫኒላ ላይ ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ከሆነ ለልጆች በኮን አትግዙ፣ በኩባያ ይሻላል። ኮን የሚፈልግ ልጅ ኮኑን ከኩባያው ላይ ተደፍቶ ይሰጠው።

ብዙ ሰዓት ቀርቶናል። እስከዚያ ምን እናድርግ?

ግሪንብራየር ስቴት ፓርክ፣ ከላይ ያያችሁት ሐይቅ ማለት ነው፣ ከመነሻው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። አሸዋ ዳርቻ አለው፣ ይዋኛል። በሰመር መግቢያ ይከፈላል፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ከፍ ያለ ነው የሚከፍለው። እንደ ጁላይ 4 ባሉ ቀናት ሞልቶ ይዘጋል። ለአናፖሊስ ሮክ መንገድ ግን ክፍያ የለም።

ፆም ላይ ነኝ። እኔስ ምን ልብላ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ እርሻው በር ላይ ቆመን። ቀኑን ስትመርጡ አስቡበት። የሐዋርያት ፆም የሚያበቃው ሐምሌ 5፣ በፈረንጅ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ስለዚህ ለብዙ ሰው የሚመቸው ከጁላይ 13 እስከ ኦገስት 6 ያለው ጊዜ ነው፣ ረቡዕና አርብን ትታችሁ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያሉት ቅዳሜዎችም አሪፍ ናቸው፣ ሙቀቱም ትንሽ ይቀንሳል።

በፆም ቀን ከወጣችሁ ሶርቤ ፈልጉ። ሶርቤ ፍራፍሬ፣ ውሃና ስኳር ነው። ሸርቤት ግን ሌላ ነው፣ ስሙ ቢቀራረብም ወተት አለበት። ፍሬድሪክ ዳውንታውን ገብታችሁ «ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት» ብላችሁ ጠይቁ። ማንኪያውን አጥበው እንዲያወጡላችሁ ብትጠይቁም ነውር የለውም። ጓደኛችሁ እየፆመ ከሆነ ደግሞ እርሻው ላይ አቁማችሁት አትብሉ፣ ሁለታችሁም የምትበሉበት ቦታ ሂዱ።

ወተት ሆዴን ይነፋኛል

ብቻችሁን አይደላችሁም፣ ካደግን በኋላ የወተት ስኳር የማይፈጭልን ብዙዎች ነን። ከመጀመሪያው ማንኪያ ጋር የሚዋጥ የላክቴዝ ክኒን ፋርማሲ ውስጥ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ትንሹን መጠን ውሰዱ፣ ምሳ በልታችሁ ብሉት። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ክኒኑ ለእሱ አይሠራም።

ላብ ላይ ሆኜ ቀዝቃዛ ብበላ ብርድ አይመታኝም?

እናቶቻችን ሁሉ የሚሉት ነው፣ የሚሉትም ስለሚያስቡልን ነው። ጤነኛ ሰው በሙቀት ቀን አይስክሬም ቢበላ ግን አይታመምም፣ እንዲያውም ያቀዘቅዘዋል። ቶሎ ቶሎ ከዋጣችሁት ግንባር ላይ የሚወጋ ራስ ምታት ይመጣል፣ እሱም በደቂቃ ውስጥ ይለቃል። አይስክሬም የውሃን ቦታ አይተካም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ጠጡ፣ ቅያሪ ልብስ ልበሱ፣ ከዚያ ተሰለፉ። እናት ካልተስማሙ ትንሽ ለስለስ ሲል ይብሉት፣ በዚህ ምክንያት አትከራከሩ።

ይህን ያህል ተራምጄ አይስክሬም ከበላሁ ምን ዋጋ አለው?

ለክብደት ከሆነ የወጣችሁት ጂም ይሻላል። ይህ ለሌላ ነገር ነው። አፓላቺያን ትሬይልን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ሰዎች መንገዱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ፔንስልቬንያ ውስጥ ፓይን ግሮቭ ፈርነስ በሚባል ቦታ ከአንድ ትንሽ ሱቅ ግማሽ ጋሎን አይስክሬም ገዝተው በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ ይሞክራሉ። ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ! የቆየ ልማድ ነው። ወራት የተራመደ ሰው ካደረገው እኛ አንድ ኩባያ ይፈቀድልናል። በጁን አካባቢ ትልቅ ሻንጣ ያዘለ፣ ጺሙ ያደገ ሰው መንገድ ላይ ካገኛችሁ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሰላም በሉት፣ ቆሎ ስጡት። ቆሎ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ሲያላምጥ ፊቱን ማየት ደስ ይላል።

ወደ ቤት ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን በደንብ ተዘጋጁ። ጠዋት ስትወጡ ኩለር በበረዶ ሞልታችሁ የመኪናው ዕቃ መጫኛ (ትራንክ) ውስጥ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ሥር አስቀምጡት፣ ስትነዱ ኤሲው ያገኘዋል። በረዶ ላይ አንድ እፍኝ ጨው ብትበትኑበት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ይረዳል። አይስክሬሙን የመጨረሻ ላይ ግዙ፣ ሁሉም ሽንት ቤት ሄዶ፣ ልጆች ጥጆቹን አይተው፣ መኪናው ሊነሳ ሲል። የአይስክሬሙን ዕቃ በፎጣ ጠቅልላችሁ በረዶው መሐል ቅበሩት። ቀልጦ እንደገና ከረጋ ውስጡ ያለው ውሃ ትልልቅ በረዶ ይሠራል፣ አፍ ውስጥ ያንኮሻኩሻል፣ ያ የወተት ልስላሴ አይመለስም። ቀልጦ ከደረሰ መልሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱት። ቀልጦም ቀዝቃዛ ከሆነ በብርጭቆ ቀድታችሁ ጠጡት፣ ሞቆ ከደረሰ ግን ድፉት።